ማድያትን «የሚበላ» ኢንዛይም አለ ተባልን፤ እህቴ ትቀባው?

የአብማዋ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጽሑፌ ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

ታናሽ እህቴ አምና የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ ሁለት ጉንጮቿ ላይና ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ማድያት ወጣባት። «የእርግዝና ነው፣ ስትገላገዪ ይለቅሻል» አሏት። ክርስትናው አለፈ፣ ልጁ ዳዴ ማለት ጀመረ፣ ማድያቱ ግን ጭራሽ ጠቆረ። አሁን ማኅበር ስትሄድ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ነው የምትቀመጠው። ፎቶ አትነሣም። የልጇ ክርስትና ፎቶ ላይ እንኳ ፊቷን አዙራለች፤ እሱን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ይላወሳል።

ያልሞከረችው የለም። ሎሚ በማር ቀብታ ፀሐይ ላይ ወጣችና ቆዳዋ ተቃጠለ። ቀጥሎ ከገበያ በትንሽ ቆርቆሮ የተሞላ፣ ስም የሌለው ክሬም ገዛች። በሁለት ሳምንት ፊቷ ብርት አለ፤ ደስ ብሎን ነበር። በሦስተኛው ወር ክሬሙ አልቆ ስታቆም ፊቷ ቀላ፣ አሳከካት፣ ትናንሽ ቡግር ወረራት፣ ማድያቱም ብሶ ተመለሰ። ሌላ ቆርቆሮ ገዝታ እንደገና ጀመረች፤ አሁንም በእሱ ላይ ናት።

አሁን ደግሞ በቴሌግራም የሚሸጥ ሰው «ይኼ ኬሚካል አይደለም፣ ኢንዛይም ነው። ከእንጉዳይ የወጣ ነው። የቆዳሽን ጥቁር ቀለም፣ ሜላኒኑን ራሱን በልቶ በሰባት ቀን ይጨርሰዋል» አላት። ዋጋው የደመወዟን ግማሽ ይወስዳል። ልትገዛ ስትል «ቆይ፣ ልጠይቅልሽ» ብዬ አስቆምኳት።

እንዲህ ያለ ኢንዛይም በእውነት አለ? ካለስ ፊት ላይ ይሠራል? የምታውቁ ንገሩኝ።

ጮቄ ሥር

እግዜር ይማራት። የእኔም ባለቤት እንዲሁ ሆና ነበር። የእርሷን ያባባሰው የወሊድ መከላከያ እንክብሉ ነው ብለው ሌላ ዓይነት ቀየሩላት። እህትሽ እንክብል ትውጥ እንደሆነ ጠይቂያት። ስለ ኢንዛይሙ አላውቅም፤ የሚያውቅ እስኪመጣ እኔም እጠብቃለሁ።

የቢቸናው መምህር

እህቴ፣ ኢንዛይሙ በእርግጥ አለ። ሻጩ ያለው ሁሉ ውሸት አይደለም፤ ለዚህም ነው ነገሩ በደንብ መብራራት ያለበት።

ኢንዛይም ምን እንደሆነ እናቶቻችን ከማንም በፊት ያውቁታል፤ ስሙን ነው እንጂ ያላወቁት። ገብሱን አብቅለን ብቅል የምናደርገው ለምንድነው? ገብሱ ሲበቅል በውስጡ ኢንዛይም ይፈጠራል። ያ ኢንዛይም የእህሉን ስታርች ቆራርጦ ስኳር ያደርገዋል፣ ስኳሩ ነው ፈልቶ ጠላ የሚሆነው። ብቅሉን በኃይለኛ እሳት ብትቆዪው ግን ኢንዛይሙ ይሞታል፤ ቀለም ይሰጥሽ ይሆናል እንጂ ስታርቹን አይቆርጥልሽም። ከዚህ ሁለት ነገር ያዢልኝ። ኢንዛይም የሚቆርጠው የራሱን ነገር ብቻ ነው፤ ስታርች የሚቆርጠው የብቅሉ ኢንዛይም ሥጋ አይቆርጥም። ሁለተኛ፣ በቀላሉ የሚበላሽ ነገር ነው።

ሜላኒን ደግሞ እንደ ስታርች በሥርዓት የተሰካካ ሰንሰለት አይደለም። ጫፉ እንደጠፋ የተወሳሰበ ድር ነው። ስለዚህ ሰውነታችን ውስጥ ሜላኒንን ቆራርጬ ልጣለው የሚል የታወቀ ኢንዛይም የለም፤ በአብዛኛው ከላይኛው ቆዳ ጋር እየተላጠ ነው የሚሄደው። ያ የላይኛው ቆዳ ተላጦ እስኪተካ አንድ ወር ገደማ ይፈጃል።

አሁን ወደ እንጉዳዩ። አዊ በኩል የሄደ ሰው የዲከረንስ ዛፍ ጉቶ ያውቃል። ተቆርጦ ዝናብ ሲፈራረቅበት አንዳንዱ ነጣ ብሎ፣ እንደ ጥጥ ተፈልቅቆ ይበሰብሳል። እንጨቱን ጠንካራና ቡናማ ያደረገው ሊግኒን የሚባል ነገር ነው፤ እሱም እንደ ሜላኒን የተወሳሰበ ድር ነው። ያንን ፈትተው እንጨቱን የሚያነጡ የእንጉዳይ ወገኖች አሉ። ከእነሱ አንዱ ፋኔሮኬቴ ክራይሶስፖሪየም ይባላል። በ1983 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች ከዚህ ፈንገስ ሊግኒን ፐሮክሲዴዝ የተባለውን ኢንዛይም ለዩ። ሊግኒንን የሚፈታ ሜላኒንንም ይፈታ ይሆናል ተብሎ ተሞከረ፤ በብልቃጥ ውስጥ ቀለሙን አጠፋው።

ከ2010 እ.ኤ.አ. በኋላ ለፊት የሚሆን ሆኖ ለገበያ ወጣ። ግን ልብ በይ፤ ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው ኢንዛይሙን የያዘ፣ ሁለተኛው በጣም የቀጠነ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ያለበት ማስነሻ። ያለ ፐሮክሳይድ ኢንዛይሙ ምንም አይሠራም፤ የሚሠራውም ኮምጣጣ በሆነ ነገር ውስጥ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በእስያ ሴቶች ግማሽ ፊት ላይ ይህን፣ በሌላው ግማሽ ላይ ወይ ሃይድሮኪኖን የተባለውን የሚያቀላ መድኃኒት በ2 በመቶ መጠን ወይ መድኃኒት የሌለበት ክሬም አስቀብቶ ለአንድ ወር ያህል አወዳደረ። መድኃኒት ከሌለበት ክሬም የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ጥሩ ነው፤ ግን ጥቂት ሰዎች፣ አጭር ጊዜ፣ ለውጡም ቀስ ያለ። «በሰባት ቀን በልቶ ይጨርሰዋል» የሚል ውጤት እዚያ የለም።

የአብማዋ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የብቅሉ ነገር ገብቶኛል። ክሬሙ ግን አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ ማስነሻ የሚባል ነገር አልተነገረንም። እንዲያም ሆኖ ትንሽ እንኳ አይረዳትም ማለት ነው?

ፍኖተ ሰላም መድኃኒት ቤት

መምህሩ የጀመሩትን ልቀጥል። አሥር ዓመት በላይ መድኃኒት ቤት ውስጥ ቆሜአለሁ፤ ይህ ጥያቄ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ይመጣብኛል።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ እህትሽ ታጠባለች?

መልሱን እስክትጽፊልኝ የኢንዛይሙን ችግር ልንገርሽ። የላይኛው ቆዳችን እንደ ሣር ክዳን ነው፤ ዝናብ አያስገባም። በቆዳ የሚሰርግ ነገር ክብደቱ 500 ዳልተን (የጥቃቅን ቅንጣት ክብደት መስፈሪያ ነው) ገደማ ካለፈ መግባት ይከብደዋል የሚባል የታወቀ መለኪያ አለ። ሊግኒን ፐሮክሲዴዝ ወደ 40 ሺህ ዳልተን ነው። ስለዚህ ቢሠራም የሚሠራው ከላይ ሊረግፍ በተዘጋጀው የሞተ ቆዳ ላይ ባለው ቀለም ነው። ማድያት ደግሞ ሥሩ ከዚያ በታች ነው፤ አንዳንድ ሰው ላይ ቀለሙ ከታችኛው ቆዳ ድረስ ወርዷል።

ደግሞም ቀለሙን ከላይ ብትጠርጊው ከታች ያለው ሠራተኛ ሥራ አላቆመም። ሜላኖሳይት የሚባሉት ሕዋሳት ቀለሙን ሠርተው እያንዳንዱ ለ36 ያህል ጎረቤት ሕዋስ ያድላል። ፀሐዩና ሆርሞኑ እያዘዘው ማምረቱን ይቀጥላል።

አሁን ዋናው። ክሬሙ በሰባት ቀን ፊት ካቀላ፣ ያቀላው ኢንዛይም አይደለም። ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል። ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ኃይለኛ ስቴሮይድ (የቆዳ ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት)፣ በተለይ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን፤ ወይም መጠኑ የማይታወቅ ሃይድሮኪኖን፤ ወይም ባዝቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ። እህትሽ ከቆርቆሮው ክሬም በኋላ የሆነችው፣ በሁለት ሳምንት ብርት ማለቱ፣ ሲቆም መቅላቱ፣ ማሳከኩ፣ ቡግሩ፣ ተመልሳ ካልተቀባች አለመሻሉ፣ ይኼ የስቴሮይድ ታሪክ ይመስላል። ቆዳው ይለምደዋል፣ ይሳሳል፣ የደም ሥሩ ከውጭ ይታያል።

ባዝቃው ደግሞ የባሰ ነው። ሜላኒን የሚሠራው ታይሮሲኔዝ የተባለ ኢንዛይም ሆዱ ውስጥ መዳብ አለው፤ ባዝቃው የመዳቡን ቦታ ቀምቶ ሥራውን ያስቆመዋል። ያቀላል፣ አዎ። ኩላሊትንም ይጎዳል። ለዚህ ነው የጠየቅኩሽ፤ እናት ፊቷን የተቀባችው ባዝቃ በመሳሳም፣ በፎጣ፣ በትራስ ወደ ሕፃኑ ይሄዳል።

የአብማዋ

ታጠባለች። ልጁ አንድ ዓመት አልሞላውም። እያጠባችው እጁን ጉንጯ ላይ ነው የሚያደርገው፤ ከዚያ ወደ አፉ። ይህን ስጽፍ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። አሁን ደወልኩላት።

ፍኖተ ሰላም መድኃኒት ቤት

አትደንግጪ፣ ባዝቃ ነው ብዬ አላረጋገጥኩም፤ በዓይን አይታወቅም። ዛሬ ማታ ፊቷንና እጇን በሳሙና ትታጠብ፤ የትራሱን ልብስና ፎጣውን ለብቻ ትጠብ። ክሬሙን እንዳትቀባ። ቆርቆሮውን አትጣሉት፤ በፌስታል አስራችሁ ልጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡና ለሐኪም አሳዩት። ስቴሮይድ ከሆነ ስታቆም ፊቷ ለጥቂት ጊዜ ሊቆጣ ይችላል፤ ያኔ ተመልሳ ወደ ክሬሙ እንዳትሄድ ከጎኗ ሁኚ። ልጁንም ይዛው ትሂድ።

የቡሬዋ

ይህን ክር ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። እኔ አራት ዓመት ተቀብቻለሁ። ማድያት አልነበረብኝም፤ ጠይም ነኝ፣ መቅላት ፈልጌ ነው። ሰርጌ ሊደርስ ሦስት ወር ሲቀረው ጀመርኩ። ሰርጉ ላይ አማረብኝ ብዬ ነበር። ከዚያ ማቆም አቃተኝ። ዛሬ ጉንጬ ላይ ቀይ ሥር ይታያል፣ ምጣድ ሥር ስቀመጥ ፊቴ ይነዳል፣ ጭኔ ላይ ደግሞ እንደ እርሻ ትልም የተሰነጠቀ መስመር አለ። ቆዳ ሐኪም ዘንድ ስቀርብ ያለቀስኩት ሐኪሙ ስለተቆጣኝ አይደለም፤ አልተቆጣኝም። «ቀድሞ የነበረሽ ቆዳ ጤነኛ ነበር» አለኝ። እሱን ስሰማ ነው ያለቀስኩት።

የአብማዋ እህት፣ ስምሽን ባላውቅም፣ አሁን ማቆምሽ ጥሩ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ይከብዳሉ። እኔ አልፌዋለሁ።

ዘመናይ (ባሕር ዳር)

በዚህ ርዕስ ሁሉም ሰው ሴቷን ይመክራል። እኔ ግን ሌላውንም በሉ እላለሁ። ሥራ ስንፈልግ ለእንግዳ መቀበያ ቀይዋን ይመርጣሉ። ለልጃቸው ሚስት ሲያጩ «ቀይ ናት» ማለት እንደ ጥሎሽ ይቆጠራል። ልጅ ሲወለድ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቀይ ነው ጠይም?» ነው። እንግዲህ ሃያ ሁለት ዓመቷ ያለች ልጅ ክሬም ብትገዛ ምኑ ይገርማል? ደኅና የሆነ፣ የማይጎዳ ኢንዛይም ቢገኝ ለምን ትከለከላለች?

የደጀኗ እናት

ልጄ ዘመናይ፣ ያልሽው እውነት ነው፤ እኔም ራሴ «ቀይ ነው ጠይም?» ብዬ ጠይቄአለሁ። ጥፋቴ ነው። በእኛ ጊዜ ሙሽራም አራስም ወይባ ትሞቅ ነበር፤ ወዝና መዓዛ እንዲሰጣት እንጂ ከተፈጠረችበት መልክ እንድትወጣ አልነበረም። ጠይም ማለት እኮ በእኛ አገር ሙገሳ ነበር። ሁለት ጠይም ልጆች አሉኝ፤ የዚህን ክር ለሁለቱም አነብላቸዋለሁ።

የቢቸናው መምህር

ዘመናይ ጥያቄሽ ከባድ ነው፤ በቅንነት ልመልስልሽ። ማድያትን ማከምና መላ ቆዳን መቀየር ለእኔ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማድያት ሥራው የተዛባ ቆዳ ነው፤ ይታከም። ጠይም መልክ ግን የተዛባ ነገር የለበትም። የሜላኖሳይቱ ቁጥር በጥቁርም በነጭም ሰው ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱ የሚሠሩት ቀለም መጠንና አቀማመጥ ላይ ነው። ያ ቀለም ሥራ አለው። ከባሕር ወለል በየ1000 ሜትሩ ከፍ ስንል የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደብረ ማርቆስ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጮቄ ከ4000 ሜትር ያልፋል። እዚህ ከፍታ ላይ፣ ለምድር ወገብ በቀረበ አገር፣ ሜላኒንን አራግፎ መኖር ጣራ የሌለው ቤት ውስጥ ክረምትን መሻገር ነው።

«የማይጎዳ ቢገኝ» ላልሽው፣ ጃፓን የሆነውን ልንገርሽ። ሮዶዴኖል የሚባል የሚያቀላ ንጥረ ነገር ነበር፤ ከዕፅዋት የታወቀ፣ በመንግሥት ፈቃድ ያገኘ፣ በታወቀ ድርጅት የተሠራ። በ2013 እ.ኤ.አ. ከገበያ ተሰበሰበ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ፊትና አንገት ላይ እንደ ለምጽ ያለ ነጭ ነጠብጣብ ወጣባቸው። ምክንያቱ ሲጠና፣ የራሳቸው ቆዳ ውስጥ ያለው ታይሮሲኔዝ ንጥረ ነገሩን ይዞ ወደ መርዝ ይለውጠው ነበር፤ መርዙ ቀለም የሚሠራውን ሕዋስ ገደለው። ኢንዛይም እንዲህ ነው፤ አንዱን ነገር ስትሰጪው ወደ ሌላ ይለውጠዋል። ከዚያም በፊት፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኞች የላስቲክ ጓንት አድርገው እጃቸው ነጭ ሆኗል፤ ያነጣቸው ላስቲኩ ውስጥ የነበረው ሞኖቤንዞን የተባለ ኬሚካል ነው። እሱ መድኃኒት ሆኖ የቀረው ለምጽ አብዛኛውን አካላቸውን ለያዘባቸው ሰዎች ነው፤ የጠፋው ቀለም አይመለስምና።

ዘመናይ (ባሕር ዳር)

የጃፓኑን አላውቅም ነበር። መምህር፣ አመሰግናለሁ። ስለ ሥራና ስለ ጋብቻ ያልኩት ግን እንዳለ ነው፤ ወንዶችም ቀጣሪዎችም ይህን ክር ቢያነቡት እወዳለሁ።

ጮቄ ሥር

አንድ ጥያቄ። ፓፓያ ውስጥም ኢንዛይም አለ ይባላል፤ እኛ ጋ ያሉ ልጆች ጥሬውን ፈጭተው ይቀባሉ። እሱስ?

ፍኖተ ሰላም መድኃኒት ቤት

የፓፓያው ፓፔይን ይባላል። መምህሩ እንዳሉት እያንዳንዱ ኢንዛይም የራሱን ነው የሚቆርጠው፤ ፓፔይን ፕሮቲን ይቆርጣል፣ ሥጋ የሚያለሰልሰውም እሱ ነው። ሜላኒንን አይነካም። የሞተ ቆዳ ስለሚልጥ ለጊዜው ፈካ ያደርጋል። የጥሬው ፓፓያ ነጭ ወተት ግን ቆዳ ያስቆጣል፤ የእኛ ዓይነት ቆዳ ደግሞ ሲቆጣ የሚያድርበት ጥቁር ጠባሳ ነው። የሎሚውም ነገር እንዲሁ ነው፤ ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ መውጣት ቆዳ ያቃጥላል፣ የተቃጠለው ይጠቁራል። ልጆቹ ፓፓያውን ይብሉት።

የአብማዋ

ለጸለያችሁም ለጻፋችሁም ሁሉ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

እህቴ ልጇን ይዛ ባሕር ዳር ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ እኔም አብሬአት ሄድኩ። ሐኪሟ ቆርቆሮውን ከፍታ አየችው፣ ፊቷን በማጉያ መብራት አየች። የእህቴን ቆዳ ስቴሮይድ እንደጎዳው ነገረችን። ልጁንም መረመሩት፤ ለጥንቃቄ የሽንት ምርመራ አዘውለታል። ደኅና ነው ተብለናል፤ ያን ቀን እኔና እህቴ መንገድ ላይ ተቃቅፈን አለቀስን።

የኢንዛይሙን ነገር ጠየቅኳት። አለ፣ ተሠርቶም ነበር አለችኝ፤ መምህሩ ያሉትን ሁሉ ነው የነገረችኝ። ለሚያጠባ ሰው የምትሰጠው አዜላይክ አሲድ የሚባል ቅባት እንደሆነ፣ ሦስት አራት ወር እንደሚፈጅ፣ ያለ ፀሐይ መከላከያ ግን የትኛውም መድኃኒት ዋጋ እንደሌለው ነገረችን። ነጩ ሳይሆን ቡናማ ቀለም ያለው ሰንስክሪን ይሻላል አለች፤ ብረት ኦክሳይድ አለበት፣ ተራ ብርሃንንም ይከለክላል፤ ማድያትን ተራው ብርሃንም ያጠቁረዋል። ምጣድ ሥር የሚመጣው ሙቀትም ያባብሳል ስላለች እንጀራውን አሁን እኔ እጋግርላታለሁ።

ፊቷ ሁለት ሳምንት ተቆጣ። የቡሬዋ የጻፈችውን በየማታው ታነበው ነበር። አሁን ረግቧል። ማድያቱ አለ፤ ጠርዙ ብቻ ትንሽ የሳሳ ይመስለኛል፣ እሷ ግን ገና አላየችውም።

አሁን የቸገረን ቀለም ያለው ሰንስክሪን ማርቆስ ላይ ማግኘት ነው። አራት መድኃኒት ቤት ጠየቅን፤ ነጩ ብቻ ነው ያለው። እስከዚያው ጥላ ይዛ ነው የምትወጣው። የት ይገኛል?

የቡሬዋ

እህቴ ሆይ፣ ሰላምታዬን አድርሽልኝ። እኔ ባሕር ዳር ነው ያገኘሁት፤ ስትገዙ የሚያበቃበትን ቀን እዩ፣ የተከፈተ አትቀበሉ።

ፍኖተ ሰላም መድኃኒት ቤት

ሐሙስ ዕቃ ላመጣ ባሕር ዳር እሄዳለሁ፤ ሁለት እይዝላታለሁ። የጉንጯን ቀለም የሚመስለውን እንድመርጥ በቀን ብርሃን የተነሣ ፎቶ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ዓርብ ጠዋት ወደ ማርቆስ በሚያልፈው መኪና እሰድላችኋለሁ፤ ሹፌሩን አውቀዋለሁ።

የአብማዋ

ጠየቅኳት። ፎቶውን ራሷ ተነሥታ ላከችልኝ፤ አሁን አስተላልፍልዎታለሁ።